ካዛንቺስ፦ ቤቱ ሄዶ ስሙ ሲቀር

አዲስ አበባ ለሰፈሮቿ ስም ስታወጣ ብዙ ጊዜ የምትጠራው ሰውን ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል መኳንንቱን ከነአጃቢያቸው፣ ሠራተኛ ሰፈር ስንል በእጁ ሙያ ያደረውን፣ ወሎ ሰፈር ስንል ደግሞ የአገሩን ስም ይዞ የመጣውን ሰው እናስባለን። አንዳንዱ ሰፈር በታቦት ይጠራል፤ ዑራኤል፣ ቂርቆስ፣ ልደታ እንደምንለው። ካዛንቺስ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የመኳንንት ስም አይደለም፣ የታቦት ስም አይደለም፣ የወንዝ ስምም አይደለም። የመሥሪያ ቤት ስም ነው። ያውም የባዕድ፣ ያውም የወራሪ።

“ካዜ” በጣልያንኛ ቤቶች ማለት ነው። “ኢንቺስ” ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ጣልያን ውስጥ የተቋቋመ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም ስም ምህፃረ ቃል ነው። “ካዜ ኢንቺስ” ሲሉ የኢንቺስ ቤቶች ማለታቸው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃል አቅልጦ፣ በራሱ አፍ አስተካክሎ አንድ አደረገውና ካዛንቺስ አለው። ስሙ በአጭሩ ይኼው ነው።

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ላይ በሁለተኛው ምዕራፍ የኮሪደር ልማት የአሮጌው ካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል። አንዱ ወገን “አሮጌ ጭቃና ቆርቆሮ ተነሣ፣ ከተማ ተወለወለ” አለ። ሌላው ወገን “ትዝታችን ተቀበረ” ብሎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የሁለቱንም ነገር ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ያልተነሣ ጥያቄ አለ እላለሁ። የፈረሰው ምንድን ነው? አንድ ቤት ነው? ብዙ ቤት ነው? ወይስ ከቤቶቹ ድምር በላይ የሆነ ነገር ነው?

የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ የፈረሰው ረድፉ ነው። እኛ አገር ግን አንድ ቤት ነጥሎ ቅርስ ማለት እንጂ ረድፍን ቅርስ ማለት ገና አልለመድንም። እዚህ ላይ ካልነቃን ነገ ጎንደርም፣ ደሴም፣ ጅማም፣ ድሬዳዋም ላይ ይኸው ይደገማል ብዬ እሰጋለሁ።

ቤቶቹ ለማን ተሠሩ?

ፋሺስት ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን እንደያዘ ወዲያው ያሰበው እንደገና መቅረፅን ነበር። ኢግናሲዮ ጉዊዲ እና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች የከተማዋን ማስተር ፕላን እንዲነድፉ ታዘዙ። ታዋቂው ለ ኮርቡዚዬ ሳይቀር አዲስ አበባን ሳያያት የራሱን ንድፍ ሠርቶ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

የፕላኑ ዋና ሐሳብ ግልጽ ነው። ነጭና ጥቁር ተለይቶ ይኑር ነው። ለ“አገሬው ሰው” ገበያና መኖሪያ ወደ ምዕራብ ተወሰነ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ለጣልያን ባለሥልጣንና ጸሐፊ በምሥራቅ በኩል የኢንቺስ ቤቶች ተሠሩ። ለጣልያን ወዛደር ደግሞ “ካዜ ፖፖላሪ”፣ የሕዝብ ቤቶች እንደማለት፣ ተሠሩለት፤ የፖፖላሬ ስም ቅሪት ነው። እንግዲህ እነዚህ ሦስት ስሞች፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ፣ በየቀኑ ታክሲ ላይ ስንጠራቸው የአንድን ዘረኛ ካርታ ሦስት ቀለሞች እየጠራን ነው። ረዳቱ “ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! ሁለት ሰው!” ሲል ይሄ ትዝ የሚለው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩን ማለሳለስ አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፍጭፏል፣ ቤቱ ከነነፍሱ ተቃጥሏል። የአገሬው ሰው ጎጆ የነደደው ለጣልያን ጸሐፊ ባለበረንዳ ቪላ በሚታሰብበት ዘመን ነው። ስለዚህ “የጣልያን ቤት አማረ” ብሎ ዝም ብሎ ማድነቅ አይቻልም። ማማሩ ለማን ነበር ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቤቶቹ ራሳቸው ምን ይመስሉ ነበር? ግዙፍ አልነበሩም። ብዙዎቹ ምድር ቤት ብቻ ወይም ባለ አንድ ፎቅ፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው፣ ከፊት በረንዳ፣ ከኋላ ማድ ቤትና ሰርቪስ ያላቸው፣ በግቢና በዛፍ የታቀፉ ናቸው። አንዱ ካንዱ ብዙ አይለይም። ልዩ የሚያደርጋቸውም ይሄ ነው። አንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ብታዩት ተራ ቤት ነው። ሃያውን ተከታትለው ስታዩአቸው ግን መንገዱ ራሱ ቅርፅ ይይዛል፤ የጣሪያው ቁመት፣ የበረንዳው አቀማመጥ፣ የአጥሩ መስመር እየተደጋገመ እንደ ቅኝት ይሆናል።

የጠላት ቤት እንዴት የእኛ ሆነ?

“የፋሺስት ቤት ለምን ቅርስ ይባላል?” የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው። የክፍላችን ልጆችም በዚህ ተከራክረዋል። አንዱ ጓደኛዬ “ይፍረስ፣ እንኳን ፈረሰ! እኛን ለይቶ ለማኖር የተሠራ ግድግዳ ነው” ብሏል። አልፈርድበትም።

እኔ ግን ቁጥሩን ተመልከቱ እላለሁ። ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አምስት ዓመት ነው። ቤቶቹ ተሠርተው ያለቁት ደግሞ ከዚያም ውስጥ በጥቂቱ ነው። ከ1933 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለው 84 ዓመት ነው። አምስት ዓመት ያልሞላ ጊዜ የጣልያን፣ 84 ዓመት የኢትዮጵያውያን። ልጅ የተወለደበት፣ ለቅሶ የተቀመጡበት፣ ሰርግ የደገሱበት፣ እስር ቤት የሄደ ልጅ የተጠበቀበት ቤት የማን ነው? ቤት በሠሪው ብቻ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ የአገራችን ግማሽ ሕንፃ የሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ቤቶቹ ወደ እጃችን የገቡበት መንገድም ራሱ ታሪክ ነው። ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ሠራተኞችና የውጭ ዜጎች ኖሩባቸው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም ሰፈሩ ለኮሚሽኑ ጎረቤት ሆነ። ከዚያ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለአንድ ጸሐፊ ቤተሰብ የተሠራ ቪላ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ተከፈለ። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፈለ፣ ኮርኒሱ ስር ቆጥ ተሠራ፣ በረንዳው ተዘግቶ መኝታ ቤት ሆነ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ገባ።

የእናቴ አክስት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የኖሩት። እኔ ወሎ ሰፈር ስለማድግ በበዓል ቀን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በአንድ ግቢ አራት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። የጣልያኑ የጣውላ ወለል እግር በበዛበት በኩል ጎድጉዶ ነበር። አንድ ቀን “እማማ፣ ለምን አይጠገንም?” ብላቸው “አንቺ ልጅ፣ የእኔ ቤት መሰለሽ እንዴ? የኔ ያልሆነ ቤት ላይ ሚስማር ብመታ ነገ ጠያቂው ብዙ ነው። የኔ ነው የሚለው ደግሞ ሚስማር አይመታም” አሉኝ። ብዙ የቤቶች ፖሊሲ ጽሑፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልተናገረውን ተናገሩት።

ካዛንቺስ ያረጀው በዕድሜው ብቻ አይደለም። ዝቅተኛ ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ አያድስም፤ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ቅርብ አይደለም። አርባና ሃምሳ ዓመት እንዲህ ሆኖ ሲቆይ የትኛውም ግድግዳ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ “ያረጀ ሰፈር ነው” ተብሎ ይፈርሳል። ሳይጠገን የኖረ ቤት አለመጠገኑ ጥፋቱ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ንጉሡ የተሰደዱባት የረድፍ ቤቶች ከተማ

እስቲ አሁን ትንሽ ራቅ ልበልና ስለ አንዲት የእንግሊዝ ከተማ ላንሣ። ምን አገናኛት ትሉኝ ይሆናል። አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። ኢንቺስ አዲስ አበባ ላይ ለጣልያን ጸሐፊዎች ቤት ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ የተሰደዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 እዚያ ቆይተዋል። ቤቱን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ለከተማዋ አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተዋል። እና ባዝ በዓለም የምትታወቀው በምንድን ነው? በረድፍ ቤቶቿ።

እንግሊዞች “ቴራስ” ይሉታል። እኛ ቴራስ የምንለውን ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ ማለታቸው አይደለም። ጎን ለጎን ግድግዳ ተጋርተው፣ ከፊት አንድ መልክ ይዘው የተሰለፉ ቤቶች ናቸው። “ጆርጂያን” የሚባሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 ድረስ ጆርጅ የሚል ስም ያላቸው አራት ነገሥታት በተከታታይ በገዙበት ዘመን ስለተሠሩ ነው። ከሁሉ ስመ ጥሩው ሮያል ክረሰንት ነው። ታናሹ ጆን ውድ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1774 የተሠራ፣ እንደ ጨረቃ የታጠፈ 30 ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጆን ውድ የሠራው የፊት ለፊቱን ገጽ ነው፤ ዓምዶቹን፣ የመስኮቱን መስመር፣ የጣሪያውን ቁመት። ከገጹ በስተጀርባ ያለውን ቤት እያንዳንዱ ገዢ በራሱ ሠሪ፣ እንደ ኪሱና እንደ ፍላጎቱ አሠርቷል። ስለዚህ ከፊት ስታዩት አንድ ቤተ መንግሥት፣ ከኋላ ስታዩት ሠላሳ ሰው በየራሱ ያሰበው ዝብርቅርቅ ነው። የካዛንቺስ ቤቶች አብዛኞቹ በየግቢያቸው የቆሙ እንጂ እንደዚህ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ አልነበሩም። ጠባዩ ግን ያው ነው። ፕላኑ ከመንገድ በኩል አንድ ዓይነት፣ ከኋላ ግን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማድ ቤት፣ ቆጥ፣ የዶሮ ቤት፣ የልብስ ገመድ። የጋራው ከፊት፣ የግሉ ከኋላ።

“እነሱማ የራሳቸውን አያቶች ሥራ ነው የጠበቁት፣ ንጹሕ ነው” የሚል ካለ፣ ንጹሕ አይደለም። ባዝ ላይ ከከበሩት ሰዎች መካከል በካሪቢያን ደሴቶች በባሪያ ጉልበት ከሚለማ የሸንኮራ እርሻ ሀብት ያፈሩ ነበሩ፤ እዚያው ባዝ ላንስዳውን ክረሰንት ላይ የኖረው ዊሊያም ቤክፎርድ አንዱ ነው። እንግሊዞች ቤቱን ሲጠብቁ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ቤቱ ውስጥ ሆነው ይጠይቁታል። ቤቱ ባይኖር ጥያቄውም ይረሳል።

የባዝ ታሪክ ግን የመጠበቅ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የጀርመን ቦምብ ባዝን ደበደበ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማዋ በራሷ እጅ ብዙ ረድፍ አፈረሰች። ሮያል ክረሰንትን አልነካችም። የነካችው የአናጺውን፣ የግንበኛውን፣ የልብስ ሰፊውን ረድፍ ነው። “ያረጁ ናቸው፣ ንጽሕና የላቸውም፣ ለኑሮ አይመቹም” ተባለ። እውነትም አርጅተው ነበር። ጌጡ ተጠበቀ፣ ጌጡ የተሰፋበት ልብስ ግን ተቀደደ።

ይህን ያስቆመው ማን ይመስላችኋል? አርክቴክት ብቻ አይደለም። ጋዜጠኛም ነው! አዳም ፈርጉሰን የተባለ የታይምስ ጋዜጣ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ባዝ መዘረፍ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የፈረሱትን ረድፎች በፎቶ ጭምር አሳየ፣ ሕዝቡ ነቃ፣ ነገሩ ተገታ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከተማዋ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ እንግሊዝ አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን አንድን አካባቢ በሙሉ የሚጠብቅ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ብቻውን ባዝን አላዳነም፤ ሕጉ ላይ የጮኸ ሰው ሲጨመርበት ነው የሠራው።

አንዱን አድኖ ረድፉን መርሳት

ወደ ካዛንቺስ ልመለስ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከረጅም እድሳት በኋላ እንደገና ተከፈተ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት ያለበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ ነው። ለእድሳቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመድቦለታል። ይገባዋልም! እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያው በዚያ ሰሞን፣ ከአዳራሹ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ የካዛንቺስ ረድፎች እየፈረሱ ነበር። አንደኛው ሕንፃ የአንድ አህጉር መሪዎች ስለቆሙበት ዳነ። ሌሎቹ ጸሐፊው፣ ሾፌሩ፣ ጠላ ሻጯ፣ አዝማሪው ስለኖረባቸው አልዳኑም።

ይህ የአሁኑ ጊዜ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ቅርስ ስንል የሚታየን ነገር ያው ነው። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የራስ እከሌ ቤት። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሆኖ ሲከፈት ሁላችንም አይተን ተደንቀናል። የታላላቆች ቤት ብቻ ከተረፈ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ንጉሥ፣ ቄስና ሚኒስትር ብቻ ይኖሩ የነበሩ ይመስለዋል።

“ታዲያ ረድፍን የሚጠብቅ ሕግ የለንም” እንዳይባል፣ አለን። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በአንድነት የሚገኙበት አካባቢ ተከልሎ እንዲጠበቅ በር ከፍቷል። እንግሊዞች በ1967 ያወጡት ዓይነት ሐሳብ መሆኑ ነው። በሩ አለ፤ ያንኳኳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ለሌላኛው ወገን ፍትሕ ልስጥ። ካዛንቺስን ሙዚየም አድርገን ሰዎቹን በአንድ ሽንት ቤት ለአራት አባወራ እንዲኖሩ የምንፈርድበት መብት የለንም። የቱሪስት ፎቶ እንዲያምር ሰው በቆጥ ላይ አይተኛም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ሄደዋል። የእናቴ አክስትም አሁን ከከተማው ዳር ናቸው። ስጠይቃቸው “ሽንት ቤቱ የብቻዬ ነው፣ ውሃውም ቤት ውስጥ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “እድሩ ግን ተበተነ። ብሞት ማን ድንኳን ይተክላል?” አሉ።

እስቲ ሁለቱን ንግግር አንድ ላይ አንብቡት። የመጀመሪያው ስለ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ስለ ረድፍ። ለቤቱ ምትክ ተሰጣቸው። ለረድፉ ግን ምትክ የለም፤ ምክንያቱም ረድፉ በየትኛውም መዝገብ ላይ ንብረት ተብሎ አልተቆጠረም። እድር የሚሠራው በር ለበር ስለሚተያይ ነው። ለቅሶ የሚሰማው በግድግዳ በኩል ነው። ቡና የሚጠራሩት በበረንዳ ነው። አርክቴክቸር ሲባል ዓምድና ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብበት። የበረንዳ ስፋትና የአጥር ቁመት ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ይወስናል። ፈንዲቃን የመሰሉ የአዝማሪ ቤቶችም ካዛንቺስ ላይ የበቀሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ቅርብ፣ ኪራዩ ዝቅተኛ፣ ሰዉ የተደባለቀ ስለነበር ነው።

ቤቱን ማደስና ሰዉን ማኖር ደግሞ አብሮ የማይሄድ ነገር አይደለም። በወፍራም ግድግዳ ቤት ውስጥ ቧንቧ መዘርጋት ይቻላል። አራት አባወራ የነበረበትን ለሁለት ማድረግና ሌሎቹን ሁለት እዚያው አጠገብ በአዲስ ሕንፃ ማኖር ይቻላል። ውድ ነው? አዎ። ግን አዳራሽ ማደስም ውድ ነበር፣ ተደረገ እኮ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የፈረሰው አይመለስም። ስለዚህ ቀሪውን ላንሣ።

አንደኛ፣ በሌሎች ከተሞች ያለውን እንቁጠር። ጎንደር ላይ በጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን የተሠራው ፒያሳ ከነፖስታ ቤቱና ከነሲኒማው ፋሲለደስ ግቢ አጠገብ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ሲሮጥ ፒያሳውን አያየውም። ደሴም፣ ጅማም፣ ድሬዳዋም በየራሳቸው መልክ የዚያ ዘመን ሕንፃ አላቸው። አስመራ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ ከተማዋ ከነመንገዷ፣ ከነረድፏ ነው። ኤርትራውያንም በጣልያን ተገዝተዋል፣ ከእኛ ይልቅ ለረጅም ዘመን። ቤቶቹን ግን “የእኛ ናቸው፣ የሠራናቸው እኛ፣ የኖርንባቸው እኛ” አሉ። ይህን ለማለት ጣልያንን መውደድ አላስፈለጋቸውም።

ሁለተኛ፣ ቅርስ ሲመዘገብ አንዱ ቤት ከነጎረቤቱ ይመዝገብ። ከአንድ ረድፍ ሃያ ቤት ውስጥ አንዱን ለናሙና አስቀርቶ አሥራ ዘጠኙን ማፍረስ፣ ከመዝሙር አንድ ኖታ አስቀርቶ ዜማውን አስቀረሁ እንደማለት ነው። ሁሉም ረድፍ ይጠበቅ አላልኩም። በየከተማው አንድ፣ ግን ሙሉ፣ ከነበረንዳውና ከነግቢው፣ ሰው የሚኖርበት።

ሦስተኛውና ለእኛ ለዲፓርትመንታችን የቀረበው ጉዳይ ሙያችን ነው። በፈረሳው ሰሞን የወጡ ዜናዎችን ተመልከቱ። የመንገዱ ስፋት አለ፣ የአምፖሉ ብዛት አለ፣ የአበባው ዓይነት አለ። በሌላው በኩል ለቅሶና ትዝታ አለ። ቤቱን ማን ነደፈው? ስንት ነበሩ? በየትኛው ዓመት፣ በምን ድንጋይ፣ በማን ጉልበት ተሠሩ? ግንበኛው ኢትዮጵያዊ ነበር ወይስ ጣልያናዊ? ይህን የጠየቀ ሪፖርተር ስንት ነው? አምስቱን የ“መ” ጥያቄዎች በመጀመሪያው ዓመት ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ለቤት ግን አልጠየቅናቸውም። አዳም ፈርጉሰን የጻፈው በተለየ ጥበብ አይደለም። በእግሩ ዞረ፣ ቆጠረ፣ የነበረውን ከፈረሰው ጎን አስቀምጦ አሳየ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሁለተኛ ዓመት የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መንገድ ይውሰድ። ታዋቂ ሰው ፍለጋ አንሩጥ። ቤቶቹን ይቁጠር፣ በረንዳቸውን ፎቶ ያንሣ፣ በየቤቱ ከሁሉ የቆየውን ሰው ያነጋግር፣ እድሩ መቼ እንደተመሠረተ ይጠይቅ፣ የተከፈለውን ሳሎን በእርምጃ ይለካ። በአንድ ሴሚስተር የአንድ ክፍል ተማሪ አንድ ሙሉ ቀበሌ መዝግቦ ይጨርሳል። በጀት አይጠይቅም፣ የታክሲ ሒሳብና ደብተር ነው። የተሰበሰበው በዲፓርትመንቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ነገ አፍራሹም ጠባቂውም ቢመጣ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸዋል፤ አሁን እኮ የሚከራከሩት በትዝታና በአምፖል ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ይቆያል። ታክሲው ይጠራዋል፣ አዲሱ ሕንፃም ይለጥፈዋል። ቤቶቹ ሳይኖሩ “የኢንቺስ ቤቶች” የሚባል ሰፈር ይኖረናል ማለት ነው። ሌላ ሰፈር እንዲህ ባዶ ስም ሆኖ ከመቅረቱ በፊት ደብተራችንን ይዘን እንውጣ። የምትስማሙም የማትስማሙም መልሳችሁን ለቀጣዩ እትም ጻፉ።

ቸር እንሰንብት።